ጥንብ አንሣ አሞራና የሳይንስ ምርመራ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በአገራችን ንስር የክብር ምሳሌ ነው። አርቆ የሚያይ ሰው ሲመሰገን «የንስር ዓይን አለው» ይባላል። ጭልፊትም ጫጩት ሲነጥቅብን ብንረግመውም ፍጥነቱን ማድነቃችን አይቀርም። ጥንብ አንሣ አሞራ የተነሣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰውን «ጥንብ አንሣ» ብሎ መጥራት ስድብ ነው። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፤ አሮጊቶችም ከቤት ክዳን ላይ ያረፈ እንደ ሆነ በክፉ ይተረጕሙታል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረኝም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን አንድ የራሴ ጥፋት ስለሆነ፥ ወደ ሳይንሱ ከመግባቴ በፊት እርሱን ማስቀደም ይገባኛል።

ባለፈው ክረምት የትምህርት ዕረፍት በሆነ ጊዜ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። አጎቴ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ የገጠር መንደር ነው። በደረስሁ በሦስተኛው ሌሊት ጅብ በረቱን ጥሶ ገብቶ የአጎቴን በቅሎ ገደለ። በቅሎ ለገጠር ሰው ምን ማለት እንደ ሆነች የከተማ ልጅ በቀላሉ አይረዳውም። እህሉን ወደ ገበያ የምታወርደው፥ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ የምታደርሰው፥ ባለቤቷንም በሰው ፊት የምታስከብረው እርሷ ናት። አጎቴ ሲነጋ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ገበያ ወረዱና ለሰብል ተባይ የሚረጭ መርዝ በጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። በድኑን ወደ ገደሉ አፋፍ አስጐትተው ካስወሰዱ በኋላ፥ ማታ ሥጋውን በቢላዋ እየተለተሉ መርዙን በየስንጥቁ አፈሰሱበት። ባትሪውን ያበራሁላቸው እኔ ነበርሁ።

በማግሥቱ ጧት አንድ ጅብና ሁለት የጎረቤት ውሾች ሞተው አገኘን። አጎቴ ጅቡን ባዩ ጊዜ «እሰይ!» አሉ። የተረፈውን ሥጋ ግን እዚያው ትተነው ወደ ቤታችን ተመለስን። ፀሐይ ከፍ ስትል አሞሮች በሰማይ ላይ መዞር ጀመሩ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ወረዱ። ወደ ማታ ተመልሼ ብሄድ በበድኑ ዙሪያ 11 አሞሮች ወድቀው ቈጠርሁ። ሁለቱ ገና አልሞቱም ነበርና ክንፋቸውን መሬት ላይ ዘርግተው አንገታቸውን ለማንሣት ይታገሉ ነበር። ለአጎቴ ብነግራቸው «አሞራ ነው እኮ ልጄ፤ ምን ይሆናል ብለህ ነው?» አሉኝ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ነገር ግን ያ አንገት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ጅቡን ያገኘነው ጧት ነበር። ያን ጊዜውኑ ሥጋውን ቀብረነው ቢሆን ኖሮ አንድም አሞራ ባልሞተ ነበር።

ወደ ትምህርት ቤት በተመለስሁ ጊዜ ነገሩን ለባዮሎጂ አስተማሪያችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም በጸጥታ ከሰሙኝ በኋላ «በፓኪስታንና በህንድ አሞሮች ላይ የደረሰውን ፈልገህ አንብብ፤ ካነበብህም በኋላ ጻፈው» አሉኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ያን ጊዜ ጀምሬ ያነበብሁት ነው። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ ስለ አሞራ ተፈጥሮ ጥቂት ልበል። ሥጋ በል አእዋፍ በሥራቸው በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። ንስርና ጭልፊት ሕይወት ያለውን እያደኑ የሚኖሩ ናቸው፤ ስለዚህም እግራቸው ብርቱ፥ ጥፍራቸውም ስለታም ነው። ጥንብ አንሣ ግን የሚያድን ሳይሆን የሞተውን የሚያነሣ ስለሆነ እግሩ ደካማ ነው፤ ኀይሉ ያለው በምንቃሩና በክንፉ ላይ ነው። ራሱና አንገቱ ላባ የሌለው ወይም ያነሰው መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። በበድን ውስጥ አንገቱን ሲያስገባ ደሙ በላባው ላይ እንዳይረጋ ይጠቅመዋል፤ የአካሉንም ሙቀት ለማብረድ ይረዳዋል። የሆዱ አሲድ እጅግ ብርቱ ከመሆኑ የተነሣ ሌላውን እንስሳ በሽታ ላይ የሚጥለውን የበሰበሰ ሥጋ እርሱ በልቶ ይፈጨዋል።

የበረራውም ነገር የሚያስደንቅ ነው። አሞራ ክንፉን እያማታ ብዙ አይደክምም። ምድር በፀሐይ ስትሞቅ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ አሞራውም ክንፉን ዘርግቶ በዚያ አየር ላይ እየዞረ ይነሣል። በጧት የማይታየውና ፀሐይ ስትበረታ የሚመጣውም ስለዚህ ነው። በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩት አሞሮች ጥንቡን የሚያገኙት በማሽተት ሳይሆን በማየት ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ ያየዋል፤ ያንንም ሌላው ያየዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብዙ ሆነው ይሰበሰባሉ። ስለ ከፍታውም ቢሆን በ1973 በአይቮሪ ኮስት ከአቢጃን ከተማ በላይ አንድ አሞራ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው በ37,000 ጫማ ላይ ነበር፤ ይህም ከ11,000 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ይህ ዓይነት አሞራ በአገራችን ተራራዎች የሚገኝ ነው። በሳይንስ የሚጠራውም በ1830ዎቹ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ አእዋፍንና እንስሳትን ባጠናው በጀርመናዊው በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ልብ ልንለው የሚገባን ነገር የመዋለዱ ሁኔታ ነው። ትልልቆቹ አሞሮች በዓመት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ጫጩቱም ለመዋለድ እስኪደርስ አምስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዶሮ በአንድ ጊዜ ብዙ ጫጩቶች ስለምትፈለፍል ጭልፊት ጥቂቱን ቢወስድ ዘሯ አይጠፋም። አሞራ ግን ዘሩን የሚያቆየው ብዙ በመውለድ ሳይሆን ብዙ ዘመን በመኖር ነው። እንግዲህ እኛ በአንድ ቀን የገደልናቸው 11 አሞሮች በስንት ዓመት እንደሚተኩ ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ሊያስበው ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሊቃውንት የሥጋ በል አእዋፍን ኑሮ የሚያጠኑበት መንገድ ብዙ ነው። ጎጆአቸውን በየዓመቱ ይቈጥራሉ፤ በእግራቸው ላይ ቀለበት ያስራሉ፤ በዘመናችንም በጀርባቸው ላይ ትንሽ መሣሪያ አስረው በሳተላይት ይከታተሏቸዋል። የሞቱትንም እየከፈቱ የሞቱበትን ምክንያት ይመረምራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ቀላሉ መቍጠር ይመስላል፤ ሆኖም የታላላቅ ግኝቶች መነሻ የሆነው ይኸው መቍጠር ነው።

ለምሳሌ ያህል በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጭልፊቶች እየቀነሱ ሄዱ፤ እንቁላላቸውም ከጎጆአቸው ውስጥ ተሰብሮ ይገኝ ጀመር። ዴሪክ ራትክሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ቀድሞ የተሰበሰቡትን እንቁላሎች ቅርፊት ከአዲሶቹ ጋር አስተያየ። ከ1947 ገደማ ጀምሮ ቅርፊቱ እየሳሳ መምጣቱንም አገኘና በ1967 ለሳይንስ ዓለም ገለጠ። ነገሩ ሲመረመር ምክንያቱ ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ ሆኖ ተገኘ። መርዙ ከተባዩ ወደ ትንሿ ወፍ፥ ከትንሿም ወፍ ወደ ጭልፊቱ እያለፈ በአካሉ ውስጥ ይከማች ኖሯል። እናቲቱ እንቁላሉን ለማሞቅ ስትቀመጥበት ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ይሰበራል። በአሜሪካ ዲዲቲ በ1972 ከተከለከለ በኋላ ጭልፊቱ ቀስ በቀስ እየበዛ ሄደ፤ በ1999ም ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣ።

የአሞሮቹ ታሪክ ግን ከዚህ ይልቅ የከበደ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በህንድ፥ በፓኪስታንና በኔፓል አሞራ ከመብዛቱ የተነሣ ማንም ልብ ብሎ አያየውም ነበር። በዚያ አገር ነጭ ወገብ ያለው አሞራ ከዓለም ትልልቅ ሥጋ በል አእዋፍ ሁሉ በብዛት የሚበልጥ ሳይሆን አይቀርም ይባል ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች የላም ሥጋ ስለማይበሉ ላሟ አርጅታ ስትሞት በድኗ ከመንደር ውጭ ይጣላል፤ አሞሮችም በጥቂት ጊዜ ውስጥ አጥንቱን ብቻ ያስቀሩታል። ይህ ሥራ ደመወዝ የማይከፈልበት የጽዳት ሥራ ነበር።

ቪቡ ፕራካሽ የተባለው የቦምቤ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመራማሪ በህንድ በኬኦላዴኦ ፓርክ ውስጥ በ1980ዎቹ የአሞራ ጎጆዎችን ቈጥሮ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመልሶ ቢቈጥር ቀድሞ ከነበሩት ከመቶ ከ95 የሚበልጡት ጠፍተው አገኘ። የቀሩትም አንገታቸውን ደፍተው በዛፍ ላይ ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ ይወድቁ ነበር። በኋላ በህንድ በሰፊው በተደረገው ቈጠራ ነጭ ወገቡ አሞራ ከ1992 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ከ1,000ው 999ኙ መጥፋቱ ታወቀ። ይኸውም ከአንድ ሺሕ አሞሮች አንዱ ብቻ ተረፈ ማለት ነው።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ብዙዎቹ ሊቃውንት አዲስ ተላላፊ በሽታ መስሏቸው ነበር። ሌሎች የተባይ መርዝ ነው አሉ፤ ሌሎችም የምግብ እጥረት ነው አሉ። በ2000 ሊንዚ ኦክስ የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር በፓኪስታን በፑንጃብ ክፍለ ሀገር ሥራውን ጀመረ። ከሞቱት ጎልማሳ አሞሮች 259ኙን መርምረው በ219ኙ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አገኙ። ልባቸውና ጉበታቸው ኖራ የተቀባ ይመስል ነጭ ነገር ለብሶ ነበር።

ይህ ነጭ ነገር ዩሪክ አሲድ ይባላል። በዶሮ ኩስ ላይ የምናየው ነጩ ነገር እርሱ ነው። እኛ ከደማችን ውስጥ የምናወጣውን ቆሻሻ በሽንት መልክ ስናወጣ አእዋፍ ግን በዩሪክ አሲድ መልክ ያወጡታል፤ ይህንንም የሚያጣራው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ሥራውን ካቆመ ዩሪክ አሲዱ በደም ውስጥ ይከማችና እንደ ጨው ረግቶ የውስጥ አካላትን ይሸፍናል። አሞራውም ይሞታል። እንግዲህ ጥያቄው «አሞራውን ምን ገደለው?» ከሚለው ጠበበና «ኩላሊቱን ምን አበላሸው?» ወደሚለው ተለወጠ።

ኦክስና ጓደኞቹ ቫይረስና ባክቴሪያ ፈለጉ፤ አላገኙም። እርሳስንና ሌሎችንም ማዕድናት መረመሩ፤ አልሆነም። የተባይ መርዝም ፈለጉ፤ እርሱም ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። በመጨረሻ አሳባቸውን ለወጥ አደረጉ። «አሞራው የሚበላው የቤት እንስሳ ብቻ ከሆነ በእንስሳው ሥጋ ውስጥ ምን አዲስ ነገር ገባ?» ብለው ጠየቁ። ወደ እንስሳት ሐኪሞችና ወደ መድኃኒት ሻጮች ሄደው በቅርብ ዘመን መሸጥ የጀመረ፥ ኩላሊትንም ሊጐዳ የሚችል መድኃኒት የትኛው እንደ ሆነ አጠያየቁ። የተገኘው መልስ ዲክሎፌናክ የሚል ነበር።

ዲክሎፌናክን ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ በስሙ ታውቁታላችሁ። በእኛም አገር ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም በሐኪም የሚታዘዝ ማስታገሻ ነው። በእነዚያ አገሮች ግን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ላነከሰ በሬና ለታመመ ጎሽ ሁሉ ይወጋ ጀመር። ተመራማሪዎቹ የአሞሮቹን ኩላሊት ወደ ላቦራቶሪ ወስደው ቢመረምሩ ዩሪክ አሲድ ከለበሱት 25 አሞሮች በ25ቱም ውስጥ መድኃኒቱ ተገኘ። በሌላ ምክንያት ከሞቱት 13 አሞሮች ግን በአንዱም አልተገኘም።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «አገኘሁት!» ብሎ ያቆም ነበር። ሳይንስ ግን ሁለት ነገሮች አብረው ስለተገኙ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አይልም። ስለዚህ መድኃኒቱ የተሰጣቸውን የጎሽና የፍየል ሥጋ ለአሞሮች አበሉ። አሞሮቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ፤ ሲከፈቱም ልባቸውና ጉበታቸው ያንኑ ነጭ ነገር ለብሶ ተገኘ። ውጤቱ በ2004 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሞ ወጣ። ለሰውና ለበሬ መድኃኒት የሆነው ነገር ለአሞራ መርዝ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «የሚወጋው ከብት ጥቂት ነው፤ እንዴት አሞራን ሁሉ ሊፈጅ ይችላል?» ብለው ተቃውመው ነበር። ለዚህም በሒሳብ መልስ ተሰጠ። አንድ በድን በአንድ ጊዜ በብዙ አሞሮች ይበላል፤ አንድ አሞራም በዓመት ውስጥ ብዙ በድኖች ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከ100 በድኖች አንዱ እንኳ ሳይሞላ መድኃኒቱ ቢኖርበት የታየውን እልቂት ለማድረስ የሚበቃ መሆኑ ተሰላ። በዓመት አንድ እንቁላል የሚጥል ፍጥረት ይህን ያህል ሞት ሊተካ አይችልም።

አሞራው ከጠፋ በኋላ የሆነው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። በድኑ እንደ ተጣለ ቀረ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ወደ በድኑ ተሰበሰቡና በዙ። ውሻ ሲበዛ ንክሻ ይበዛል፤ ከንክሻውም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል። በድኑ ወደ ወንዝ ሲገባም ውኃው ይበከላል። ኢያል ፍራንክና አናንት ሱዳርሻን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ቀድሞ አሞራ የበዛባቸውን የህንድ አውራጃዎች ቀድሞም አሞራ ካልነበረባቸው ጋር አስተያይተው በ2024 ባወጡት ጥናት፥ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በአሞራ መጥፋት ምክንያት ከ500,000 የማያንሱ ሰዎች ያለ ጊዜያቸው መሞታቸውን ገምተዋል። ሙታናቸውን በግንብ ላይ አኑረው ለአሞራ የሚሰጡት ፓርሲዎችም ከጥንት የወረሱትን ሥርዓት መፈጸም ተቸገሩ። «አሞራ ነው እኮ፤ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ ያለ አይመስለኝም።

የሆነ ሆኖ ምክንያቱ ስለታወቀ መድኃኒቱም ተገኘ። ሊቃውንቱ «ከብት እየታመመ ዝም በሉ» አላሉም፤ ይልቁንም ሕመምን የሚያስታግስ፥ አሞራንም የማይገድል ሌላ መድኃኒት ፈለጉ። ሜሎክሲካም የተባለው በመጀመሪያ በአፍሪካ ነጭ ጀርባ አሞሮች ላይ፥ ቀጥሎም በእስያዎቹ ላይ ተሞክሮ ጉዳት የሌለው መሆኑ በ2006 ተገለጠ። በዚያው ዓመት ህንድ፥ ፓኪስታንና ኔፓል ዲክሎፌናክ ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከሉ፤ ባንግላዴሽም በ2010 ተከተለቻቸው። ለሰው የተሠራው ግን ለከብት መወጋቱ ስላልቀረ ህንድ በ2015 ትልልቁን ብልቃጥ ከለከለች። በኔፓልም የመንደር ሰዎች ያረጁ ከብቶችን በጡረታ እያኖሩ፥ በሞቱ ጊዜ ንጹሑን ሥጋ ለአሞራ የሚያቀርቡበትን ስፍራ አቋቋሙ። በዚያ አገር የአሞራው ቍጥር እንደ ገና መጨመር ጀምሯል።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ዋናው ጠላት መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው። ዳርሲ ኦጋዳና ጓደኞቿ በ2016 ባወጡት ጥናት ከ8 የአፍሪካ አሞራ ዓይነቶች 7ቱ በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ ከመቶ 80 ወይም ከዚያ በላይ የቀነሱ መሆናቸውን አሳይተዋል። ተመዝግቦ ከተገኘው የአሞራ ሞት ከመቶ 61 እጅ የደረሰው በመርዝ ነው፤ 29 እጅ ለባህል መድኃኒት ሲባል በመግደል፥ 9 እጅ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው። በቦትስዋና በ2019 አዳኞች ሦስት ዝሆኖችን ገድለው በመመረዛቸው 537 አሞሮች በአንድ ስፍራ ሞተው ተገኝተዋል። ሕገ ወጥ አዳኞች አሞራን የሚጠሉት በሰማይ ላይ ሲዞር ስፍራቸውን ለጠባቂ ስለሚያሳይባቸው ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 አራት የአፍሪካ አሞሮችን ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ናቸው ብሎ መዝግቧል። አራቱም በኢትዮጵያ የሚገኙ ናቸው።

ከዚህም በላይ አገራችን የእንግዳ አሞሮች ማረፊያ ናት። በቡልጋሪያና በግሪክ የሚፈለፈለው ፊቱ ቢጫ የሆነው ትንሹ ነጭ አሞራ የአውሮፓ ብርድ ሲመጣ ባሕርና በረሃ አቋርጦ ወደ አፍሪካ ይወርዳል። በጀርባው ላይ በታሰረው መሣሪያ እንደ ታወቀው ከእነዚህ ብዙዎቹ ብርዱን የሚያሳልፉት በእኛው አፋርና በአካባቢው ነው። በመንገድም ብዙ አደጋ አለባቸው። በፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ለብዙ ዘመን እነዚህን አሞሮች ሲገድል ኖሮ፥ ተመራማሪዎች በማጋለጣቸው በ2014 ከአገልግሎት ወጥቷል።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ለገና በዓል እንደ ገና ወደ አጎቴ ሄድሁ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። አጎቴ በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ «መልካም ነው፤ ነገር ግን ለበቅሎዬ ማን ካሳ ይከፍለኛል? አሞራህ ጭነት ይሸከምልኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ያገኘሁት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሆነኝም፤ ስለዚህ ዝም አልሁ።

ጥቂት ቆይተው ግን ራሳቸው ተናገሩ። በጥቅምት ወር የጎረቤታቸው ላም ሞታ ከምንጩ በላይ ባለው ሸለቆ ተጥላ ነበር። ቀድሞ ቢሆን በማግሥቱ አጥንቷ ብቻ ይቀር ነበር፤ አሁን ግን ስምንት ቀን ሙሉ ሸትታ ከየት እንደ መጡ የማይታወቁ ውሾች ሲጓተቷት ሰነበቱ። ሴቶቹም ውኃ ለመቅዳት ወደ ሌላው ምንጭ ለመሄድ ተገደዱ። ይህ የሆነው በእኛ መርዝ ምክንያት ነው ብዬ አልፈርድም፤ አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ ምክንያቱ ነው ማለት እንዳልሆነ ከኦክስ ሥራ ተምሬአለሁ። አጎቴ ግን እሳቱን እየቈሰቈሱ «እኔ የገደልሁት ጅብ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ።

በማግሥቱ በረቱን በድንጋይና በእሾህ ከፍ አድርገን አጠርነው፤ ሦስት ቀን ፈጀብን። ጅቡ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይጮኻል፤ እስካሁን ግን አጥሩን አልጣሰም። አጎቴ መርዝ ዳግመኛ አልነካም ብለው አልማሉልኝም። ልመለስ ስል ግን የተረፈውን ጠርሙስ ከጓዳ አውጥተው «አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ለሰብል ተባይ ብቻ ብለህ ጻፍበት» አሉኝ። እኔም በትልልቅ ፊደል ጻፍሁበት። በዕድሜዬ ከጻፍሁት ሁሉ ይህ አጭሩ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመውም እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፤ ሳይንስ ማለት በላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከአሞሮቹ ምርመራ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ በየቀኑ የምናየውን መቍጠርና መመዝገብ ነው፤ ፕራካሽ ቀድሞ ባይቈጥር ኖሮ የጠፋውን ማወቅ ባልተቻለ ነበር። ሁለተኛ፥ የመሰለንን ሁሉ እውነት ነው ሳንል በሙከራ መፈተን ነው። ሦስተኛ፥ ክፉውን ከመከልከል ጋር ለተቸገረው ሰው ሌላ መንገድ መፈለግ ነው፤ ሜሎክሲካም ባይገኝ ኖሮ ክልከላው ብቻ ባልበቃ ነበር፤ ለአጎቴም ከምክሬ ይልቅ የጠቀማቸው አጥሩ ነው። እያንዳንዳችን ወደ ዘመዶቻችን ስንሄድ የመርዝ ሥጋ ሜዳ ላይ እንዳይጣል፥ የተጣለም ካለ ሳይነጋ እንዲቀበር መንገር እንችላለን። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ህንዶች አሞራው ካለቀ በኋላ የጮኹት ጩኸት ለእኛ ማስጠንቀቂያ ይሁነን። በአገራችን ሰማይ ላይ አሞራ ገና ይዞራል። ለመጮኽ ጊዜው አሁን ነው።